«ዴድ ኦፍ ዊንተር» (1987)፦ ወጥመድ ውስጥ ስለገባችው ተዋናይት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ፊልም ለሰው በጠቆምኩ ቁጥር የሚመለሱልኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ እዚህ ሰበሰብኳቸው። ፊልሙን ገና ያላያችሁ የመጀመሪያዎቹን አራት ብቻ አንብባችሁ ሂዱ፤ አይታችሁት ተመለሱ። ከአምስተኛው ጀምሮ ምሥጢሩን ሁሉ ዘርግፌዋለሁ።

ኤማ ቶምፕሰን ያለችበት ፊልም ነው?

አይደለም። እሱ በ2025 የወጣ ሌላ ፊልም ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሚገናኙት በስምና በበረዶ ብቻ ነው። እኛ የምናወራው በ1987 ስለወጣው፣ አርተር ፔን ስላዘጋጀው፣ ሜሪ ስቲንበርገን ስለምትተውንበት ነው። ስትፈልጉት ዓመቱን አብራችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ሌላውን ከፍታችሁ «ተዋናይቷ የታለች?» እያላችሁ ትቀመጣላችሁ። አንድ ወዳጄ ደርሶበታል።

ርዕሱ ምን ማለት ነው?

ቃል በቃል ከወሰዳችሁት «የክረምት ሙት» ይሆንና ትርጉም አይሰጥም። እኛ «ውድቅት ሌሊት» እንደምንለው ነው። የሌሊት ውድቅት አለ አይደል? ይኸኛው የክረምት ውድቅት ነው። ብርዱ ጥግ የደረሰበት፣ ሰውም እንስሳም ቤቱ ገብቶ ሁሉም ነገር ቀጥ ያለበት ጊዜ።

ግን ክረምት ሲባል ሐምሌና ነሐሴን እንዳታስቡ። ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ እዚህ የሉም። ይህ የሰሜን አሜሪካ የታኅሣሥና የጥር ክረምት ነው። በረዶው መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይቀብራል። ለዚህ ፊልም በረዶው እንደ ቁልፍ ነው የሚያገለግለው። በሩን ማንም ሳይቆልፈው ተቆልፏል።

ታሪኩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ኬቲ ማክገቨርን ኒውዮርክ የምትኖር ተዋናይት ናት። ሥራ የላትም። ባሏም እግሩን ጀሶ ታስሮ ቤት ተቀምጧል፤ እሱም ሥራ የለውም። ቤት ውስጥ ገንዘብ ሲጠፋ ሰው እንዴት እንደሚነጋገር ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን ለኦዲሽን፣ ለተዋናይ ምርጫ ፈተና፣ ትሄዳለች። ሚስተር መሬይ የሚባል፣ ጨዋነቱ ከመጠን ያለፈ ሰው ያያትና እዚያው «ሥራው ያንቺ ነው» ይላታል። አንዲት ተዋናይት ቀረጻ ላይ እያለች አእምሮዋ ታውኮ አቋርጣለች፣ አንቺ ደግሞ እሷን ትመስያለሽ፣ የምንፈልገው ምትክ ነው ይላታል። በመኪና ይዟት ከከተማ ይወጣል። ራቅ ያለ ቦታ፣ ጫካ መሃል፣ ትልቅ ቤት ያደርሳታል። እዚያ ዶክተር ጆሴፍ ሌዊስ የሚባሉ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሽማግሌ ይቀበሏታል። የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ፤ አሁን ፊልም የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው። በረዶው እየባሰ ነው። ስልኩ አይሠራም። መጀመሪያ ግን የሙከራ ቪዲዮ እንቅረጽሽ ይሏታል።

ላላያችሁት እዚህ ልቁም።

በጣም ያስፈራል? ከልጆች ጋር ይታያል?

ከልጆች ጋር አይታይም። አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው ደረጃ «አር» ነው፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ሲኒማ ቤት ገብቶ አያየውም። ደሙ ብዙ አይደለም። ጭካኔው ሲመጣ ግን ከቅርብ ነው የሚመጣው፤ የሰውነት አካል ይቆረጣል። ርዝመቱ 100 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ቀስ ይላል፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። የዛሬ ልጆች «መቼ ነው የሚጀምረው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጀምሯል እኮ፤ ሻይ እየጠጡ ነው የጀመረው።

ሦስቱም ሴቶች አንድ ሰው ናቸው እንዴ?

አዎ። (ከዚህ በኋላ ምሥጢር የለም ብያለሁ።) ሜሪ ስቲንበርገን ሦስት ሴት ሆና ትጫወታለች። የመጀመሪያዋ ጁሊ ሮዝ ናት፤ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከባቡር ጣቢያ ሳጥን ውስጥ ገንዘብ ያለበት ቦርሳ አውጥታ፣ መኪናዋ ውስጥ ታንቃ የምትሞተው። ሁለተኛዋ ኬቲ ናት። ሦስተኛዋ ኤቭሊን፣ የጁሊ እህት፣ ሀብታሟና ቀዝቃዛዋ።

ስቲንበርገን ከዚህ ፊልም ዓመታት በፊት በ1980 በወጣ ፊልም ላይ በሠራችው ሥራ የምርጥ ረዳት ተዋናይት ኦስካር ወስዳለች። ያ ሽልማት የተሰጣት ለምን እንደሆነ እዚህ ይገባችኋል። ኬቲና ኤቭሊን አንድ ፊት ይዘው አንድ ክፍል ውስጥ ሲቆሙ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አትሳሳቱም። ሌላው ይቅርና አገጭ አነሳሳቸው ለየቅል ነው።

ቪዲዮው ለምን ተፈለገ? እዚያ ላይ ጠፋብኝ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጠፋበታል፤ ቀስ ብለን እንሂድ።

ጁሊን ያስገደለቻት እህቷ ኤቭሊን ናት። ዶክተሩ ደግሞ ኤቭሊንን አስፈራርተው ገንዘብ ሊያስከፍሉ ይፈልጋሉ። ሟች ግን አታስፈራራም። ስለዚህ ጁሊ እንዳልሞተች ማሳየት አለባቸው። ለዚያ ጁሊን የምትመስል ሴት ያስፈልጋል፤ ደግሞም የተሰጣትን ቃል አሳምራ የምትናገር። እንግዲህ ይህን ከተዋናይት በላይ ማን ይችለዋል?

ስለዚህ ኬቲን ፀጉሯን ይቆርጧታል፣ ይቀቧታል፣ ያለብሷታል። ካሜራ ፊት ያስቀምጧትና «ሊገድሉኝ ሞክረው ነበር፣ ተርፌያለሁ» ዓይነት ጽሑፍ ያስነብቧታል። ለእሷ ይህ የፊልም ቃለ ተውኔት ነው። የምትጨነቀው የሚታመን ይሁን አይሁን በሚለው ነው። ትንፋሿን ትመጥናለች፣ ዓይኗን ካሜራው ላይ ትተክላለች። ጥሩ በሠራች ቁጥር ገመዱ አንገቷ ላይ ይበልጥ እየጠበቀ ይሄዳል። ካሴቱ ኤቭሊን እጅ ሲገባ የሚታመነው ኬቲ ጎበዝ ስለሆነች ነው።

የፊልሙ ክፋት ሁሉ ለእኔ እዚህ ትዕይንት ላይ ነው። ቢላው በኋላ ይመጣል። እዚህ ግን አንዲት ሴት ለራሷ መጥፊያ የሚሆነውን ነገር በሙያ ክብር፣ በፈገግታ፣ «ደህና ሠራሁ?» እያለች ስታዘጋጅ እናያለን።

በነገራችን ላይ ጊዜው የቪዲዮ ካሴት ዘመን መሆኑ ለታሪኩ ወሳኝ ነው። ዛሬ ቢሆን ኬቲ ከመኪናው ሳትወርድ ያለችበትን ቦታ በስልኳ ለባሏ ትልክ ነበር፤ ፊልሙም በአሥራ አምስት ደቂቃ ያልቃል።

ለምን ዝም ብላ አትሄድም? ምልክቱ ሁሉ ፊት ለፊቷ ነበር!

የሁሉም ሰው ቅሬታ ይህ ነው። አጎቴ ሲያይ «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብሎ ተረተባት። እኔ ግን አልስማማም። በሬው የሄደው ለሆዱ ነው። ኬቲን የያዛት ይሉኝታ ነው።

አስቡት። ለወራት ሥራ ፈልጋችሁ አጥታችኋል። አንድ ሰው ደርሶ «አንቺን ነው የምንፈልገው» ይላችኋል። ምግቡን ያቀርባል፣ አልጋውን ያነጥፋል፣ እንግዳ ተቀባይነቱ ልክ የለውም። ዶክተሩ በዕድሜ የገፉ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ስልኩ አይሠራም ሲሏችሁ «ውሸታም» ትላላችሁ? በረዶ ነው እኮ፣ መስመር ይቆረጣል። የእያንዳንዱ ነገር ማብራሪያ ለብቻው ሲታይ አሳማኝ ነው። ሲደማመር ብቻ ነው የሚያስፈራው። ሰው ደግሞ እንግድነት ሄዶ የጠረጠረውን ነገር አይደምርም። ያፍራል። «ብጠይቅ ምን ይሉኛል? ሥራውን ብነጠቅስ?»

አርተር ፔን ይህን በደንብ ያውቀዋል። ትንሿ ነገር ከሌላዋ ትንሽ ነገር ጋር እንድትጋጭ ጊዜ ይሰጣታል። ከዚያ ኬቲ መታወቂያዋ እሳት ምድጃ ውስጥ መቃጠሉን ታያለች። እዚያ ላይ ይሉኝታው ያልቃል። መታወቂያ የሚያቃጥል ሰው ማብራሪያ የለውም።

እኔ ስለ መታወቂያው ሳስብ ወደ ዓረብ አገር ሄደው ገና በደረሱበት ቀን ፓስፖርታቸውን አሠሪ የተቀበላቸው እህቶቻችን ናቸው ትዝ የሚሉኝ። ቀማኝ የሚል ቃል መጀመሪያ ላይ አይነሳም። «እኔ ላስቀምጥልሽ» ነው የሚባለው። ጨዋ ቃል ነው።

ጣቷን ለምን ቆረጧት?

ጁሊን የገደላት ሰው የቀለበት ጣቷን ቆርጦ ወስዷል። ለማስረጃ። ስለዚህ ኤቭሊን እህቷ አንድ ጣት እንደጎደላት ታውቃለች። በቪዲዮ ማታለል ይቻላል፤ በአካል ተገናኝተው ሲተያዩ ግን ጣቷ ሙሉ የሆነች «ጁሊ» አታስኬድም። እነሱ ደግሞ ዝርዝር የሚጠነቀቁ ሰዎች ናቸው። ኬቲ አደንዛዥ ተሰጥቷት ትተኛለች፤ ስትነቃ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል።

ስለዚህ ትዕይንት ብዙ ማለት አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ ካሜራው ቆረጣውን አያሳየንም፣ የምናየው መንቃቷን ነው። ልክ ነበር።

ፖሊሶቹ ለምን አላመኗትም?

ኬቲ በድብቅ ስልክ አግኝታ ለባሏ ትደውላለች። ፖሊስ ይመጣል። ተመልካቹ «ተመስገን» ይላል። ከዚያ ዶክተሩ ረጋ ብለው «ታካሚዬ ናት» ይላሉ። በቃ፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የምትናገረው ሁሉ በራሷ ላይ ይመሰክራል። «እኔ ተዋናይት ነኝ፣ ስሜ ይህ አይደለም፣ ሌላ ሴት አስመስለውኝ ነው፣ ጣቴን ቆርጠውታል» ብላ ስትጮህ እስቲ ራሳችሁን በፖሊሶቹ ቦታ አስቀምጡ። አንድ ዕብድ ሰው የሚናገረው በትክክል እንደዚያ ነው። ሽማግሌው ሐኪም ደግሞ ሻይ ላቅርብላችሁ ይላሉ። የተማረ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገርና የተጎዳ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ዳኛው ወዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ኒውዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

መጨረሻው እንዴት ነው? እንዴት አመለጠች?

በመተወን። ኤቭሊን ራሷ ወደ ቤቱ ስትመጣ ሁለቱ ይፋጠጣሉ፣ ይታገላሉ፣ ኤቭሊን ትሞታለች። ኬቲ ደግሞ የእሷን ልብስ ለብሳ ኤቭሊን ሆና ትወርዳለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እነሱ የሰጧትን ገጸ ባሕርይ ነበር የምትጫወተው። አሁን ራሷ የመረጠችውን ትጫወታለች። ያቺ የቀዘቀዘች አነጋገር፣ ያ አገጭ።

አንዳንዱ ሰው «በአንድ ማታ የማታውቃትን ሴት እንዴት ልትመስል ትችላለች?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፊልሙም እዚህ ላይ ትንሽ ይሮጣል። ግን ሙያዋ እኮ ነው። ሰዎቹ የመረጧት ጎበዝ ስለሆነች ነው፤ ጎበዝ መሆኗን የረሱት እነሱ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ግርግር ይበዛባቸዋል፤ እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ሰዓት ጋር አይመጣጠኑም። ባሏ ሲደርስ ሥራው አልቋል።

ከሌላ ፊልም የተቀዳ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ከተቀዳው ይልቅ የተለወጠው ይበልጣል። መነሻው በ1945 የወጣ፣ «ማይ ኔም ኢዝ ጁሊያ ሮስ» የሚባል ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አዘጋጁ ጆሴፍ ኤች. ሌዊስ ነው። 65 ደቂቃ ብቻ ነው፤ አንድ ሌሊት ሁለቱንም ማየት ትችላላችሁ፤ እኔ አድርጌዋለሁ፣ በማግስቱ ሥራ ላይ ስንቀላፋ ዋልኩ።

እዚያ ልጅቷ ተዋናይት አይደለችም። ለንደን ውስጥ የጸሐፊነት ሥራ ትፈልጋለች፣ ትቀጠራለች፣ ስትነቃ ኮርንዎል የባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ቤት ውስጥ ናት። «ስምሽ ማሪየን ነው፣ የልጄ ሚስት ነሽ፣ አሞሻል» ይሏታል። ቀጣሪ ሆነው የሚቀርቡት ደግሞ ደግ የሚመስሉ አንዲት አሮጊት ናቸው።

የ1987ቱ ሰዎች ለዚያ ፊልም ያላቸውን አክብሮት በስም ውስጥ ደብቀውታል። ጁሊያ ሮስ፣ ጁሊ ሮዝ ሆናለች። ክፉው ዶክተር ደግሞ ጆሴፍ ሌዊስ ይባላሉ፤ የድሮው ፊልም አዘጋጅ ስም ነው። ዘፈኑን ወስደህ ዘፋኙን ዘራፊ እንደማድረግ ነው። ያስቀኛል።

ከሁሉም የምወደው ግን ሌላ ነው። የ1945ቱ ፊልም የተሠራው አንቶኒ ጊልበርት የሚባል ደራሲ በ1941 ባወጣው ልቦለድ ላይ ነው። አንቶኒ ጊልበርት ግን ወንድ አይደለም። ሉሲ ማልሰን የምትባል እንግሊዛዊት በወንድ ብዕር ስም ትጽፍ ነበር። አንዲት ሴት በሌላ ሰው ስም ተደብቃ፣ በሌላ ሰው ስም ስለተደበቀች ሴት ጻፈች። ይህን ሳውቅ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ሥራውን ከጸሐፊነት ወደ ተዋናይነት የለወጡት ማርክ ሽሙገርና ማርክ ማሎን ናቸው፤ የስክሪፕቱ ጸሐፊዎች። ማሎን ፊልሙ ውስጥም አለ፤ የኬቲ ወንድም ሆኖ ይጫወታል። ትልቁ ሐሳብ የእነሱ ነው። ጸሐፊ ስትታለል ተጎጂ ናት፤ ተዋናይት ስትታለል ግን ተባባሪም ትሆናለች፣ ሳታውቀው።

አርተር ፔን ነው ሲባል ሰው ለምን ይገረማል?

«ቦኒ ኤንድ ክላይድ»ን ያዘጋጀው እሱ ስለሆነ። በ1967 የአሜሪካን ሲኒማ የለወጠ የሚባል ሰው፣ ሦስት ጊዜ ለምርጥ አዘጋጅ ኦስካር የታጨ ሰው፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ በረዶ ውስጥ ያለ ቤት ላይ ልብ አንጠልጣይ ሲሠራ «ምነው፣ ገንዘብ ቸግሮት ነው?» ያለ አልጠፋም። ገበያውም አልሰመረም፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው ያስገባው። ስም ያወጣው በኋላ በካሴትና በቴሌቪዥን ነው።

እኔ ግን ውርደት አላይበትም። እንዲያውም አንድ የሚገርም ነገር አለ። ጆሴፍ ኤች. ሌዊስ በ1950 የሠራው ዝነኛ ፊልም ስለ ሁለት ፍቅረኛ ሽፍቶች ነው። ፔንን ዝነኛ ያደረገውም ስለ ሁለት ፍቅረኛ ሽፍቶች ነው። ሁለቱ አዘጋጆች በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተላልፈዋል። ሁለተኛው በመጀመሪያው ጫማ መግባቱ ድንገት አይመስለኝም።

ዶክተሩና ሚስተር መሬይ እነማን ናቸው?

መሬይን የሚጫወተው ሮዲ ማክዳወል ነው። ለንደን ተወልዶ በ1940 በጦርነቱ ጊዜ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በልጅነቱ የታወቀ ተዋናይ። «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» ውስጥ የዝንጀሮ ፊት ያጠለቀው እሱ ነው። እዚህ ያጠለቀው የጨዋ ሰው ፊት ነው፤ የቱ እንደሚያስፈራ እናንተ ፍረዱ። ሲያጎነብስ፣ በር ሲከፍት፣ ለጌታው ሲሽቆጠቆጥ ቆዳዬ ይሸማቀቃል።

ዶክተሩ ያን ሩበሽ ናቸው፤ ቼኮዝሎቫኪያ ተወልደው ካናዳ የገቡ የኦፔራ ዘፋኝ። ያ ወፍራም ድምፅ ከዚያ ነው የመጣው። አይጮሁም። ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር ቤቱ ይጠባል።

የት ነው የተቀረጸው?

ታሪኩ ኒውዮርክ ነው፤ ቀረጻው ካናዳ፣ ኦንታሪዮ። በረዶው የምር በረዶ ነው። የተዋንያኑ አፍ ሲጨስ ታያላችሁ።

እንዲህ ያለ ነገር በእውነተኛ ሕይወት ይደርሳል?

ጣት መቁረጡና አንድ መልክ ያላቸው እህትማማቾች የፊልም ናቸው። ማባበያው ግን የምር ነው።

ከ2010ሮቹ አጋማሽ ጀምሮ የታወቀ ጉዳይ አለ። አንድ ሰው በስልክ የታወቁ የሆሊውድ ሴት ኃላፊዎችን ድምፅ እያስመሰለ ለሜካፕ ባለሙያዎች፣ ለፎቶ አንሺዎች፣ ለጸሐፊዎች፣ ለተዋንያን ይደውል ነበር። «ትልቅ ፊልም አለኝ፣ ወደ ኢንዶኔዢያ ና፤ የአውሮፕላኑን አንተ ክፈል፣ ኋላ እንመልስልሃለን።» ይሄዳሉ። ሹፌር ይቀበላቸዋል። በየቀኑ ለሹፌሩ፣ ለፈቃዱ፣ ለምኑም ለምናምኑም ጥሬ ገንዘብ ይሰጣሉ። ፊልም የሚባል ነገር የለም። በ2020 መጨረሻ ላይ ተጠርጣሪው እንግሊዝ፣ ማንቸስተር ውስጥ ተያዘ። ጉዳዩን ያነበብኩ ጊዜ የገረመኝ ሰዎቹ ሞኞች አለመሆናቸው ነው። ሙያቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የተመረጡትም ለዚያ ነው፤ ሥራውን በጣም የሚፈልግ ሰው ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል።

የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር፣ ሳግ አፍትራ፣ በሚያዝያ 2018 ያወጣው መመሪያ አለ። ኦዲሽንና የሥራ ስብሰባ በግል መኖሪያ ቤትና በሆቴል ክፍል ውስጥ አይደረግ ይላል። ሌላ ምንም አማራጭ ከጠፋ ደግሞ ሰው ይዞ መሄድ ይፈቀድ ይላል። ኬቲ ያን ጊዜ ይህ መመሪያ ቢኖርላት ቢያንስ ወንድሟን ይዛ ትሄድ ነበር።

እኛ ጋ ለካስቲንግ ሲጠሩኝ ምን ልጠይቅ?

ይህ ጥያቄ ከፊልሙ ይልቅ ስለ ሕይወት ነው፤ ግን ከሁሉ በላይ ይመጣልኛል፣ በተለይ ከልጃገረዶች።

የአክስቴ ልጅ ለማስታወቂያ ካስቲንግ ተጠርታ ነበር። መጀመሪያ ፎቶ ላኪ ተባለች። ቀጥሎ የመመዝገቢያ ገንዘብ። ቀጥሎ አንድ አፓርታማ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። «ሰባተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም፣ ደርሰሽ ደውዪ።» ከታላቅ ወንድሟ ጋር እመጣለሁ ስትል ሰውየው ተቆጣ፤ «እኛ ፕሮፌሽናል ነን፣ ባለሙያ ወንድም ይዞ አይመጣም» አላት። ቀረች። የመመዝገቢያውም ገንዘብ እዚያው ቀረ። ለቅሶው ግን ስለ ገንዘቡ አልነበረም፤ «ምናልባት እውነት ቢሆንስ? ዕድሌን አበላሸሁት እንዴ?» እያለች ነበር ሳምንት ሙሉ።

እኔ የምለው ይህን ያህል ነው። ሥራ የሚሰጥ ሰው ገንዘብ ይከፍላል እንጂ አይቀበልም። የቀረጻው ቦታ አድራሻ ይኑረው፤ ሰዓቱም በቀን ብርሃን ይሁን። የሚሠራው ድርጅት ከዚህ በፊት የሠራው ነገር ካለ ያሳዩ፤ አብረው ከሠሩ ሰዎች አንዱን በራሳችሁ መንገድ ፈልጋችሁ ጠይቁ፣ እነሱ በሰጧችሁ ስልክ ሳይሆን። መታወቂያና ፓስፖርት ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን አትስጡ። ሰው ይዤ እመጣለሁ በሉ። ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ይኸኛው ነው። ደህና ሰው «ይምጣ፣ ውጭ ወንበር አለ» ይላል።

ሁለተኛ ጊዜ ማየት ያዋጣል?

በደንብ ያዋጣል። መጀመሪያ ስታዩት የኬቲን ደስታ ነው የምታዩት፤ ሥራ አገኘች! ሁለተኛ ጊዜ ግን ያን የኦዲሽን ትዕይንት ስታዩ ዓይናችሁን ከእሷ ላይ አንሱና መሬይን ብቻ ተመልከቱ። ገና አፏን ሳትከፍት፣ ፊቷን ሲያይ።